መቆሚያውን ያላወቀው ትራፓኖ

ጎሮ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ በታጠረ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ አንድ ለማጅ ልጅ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን በር ላይ ማጠፊያ እየገጠመ ነበር። ቀኑ አርብ፣ ሰዓቱም ወደ አሥራ አንድ ተጠግቷል። ቁም ሳጥኑ ቅዳሜ ጠዋት አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መድረስ ነበረበት። ልጁ ባለ ባትሪውን ትራፓኖ ቪቴው ራስ ላይ አስደግፎ ቁልፉን ጫን አደረገ። ቪቴው ቺፑዱን እየሰረሰረ ገባ፤ ከዚያ «ጠጠጠጠ» የሚል ደረቅ ድምፅ ተሰማ። ልጁ ትራፓኖውን ሲያነሳው የቪቴው ራስ ላይ የነበረው የመስቀል ቅርጽ ጠፍቶ፣ በቦታው የሚያብረቀርቅ ክብ ጉድጓድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ነጩ ላሚኔት ላይ የብረት ብናኝ ተርከፍክፏል።

«ጋሼ፣ ተበላ» አለ ቀስ ብሎ።

ዋናው ባለሙያ ከሚለካው ጣውላ ቀና ሳይሉ «ዛሬ ስንተኛህ ነው?» አሉት።

«አራተኛ።»

«ድምፁ ሲለወጥ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ። ጣቴ እስኪነሳ ቀደመኝ።»

ልጁ ይህን ያለው ጥፋቱን ለማስተባበል ነበር። ይሁንና በዚያች አጭር መልሱ ውስጥ የነበረው ችግር ከመቶ ዓመት በላይ የፈጠራ ሰዎችን እንቅልፍ የነሳ፣ ፋብሪካዎችን ያስጨነቀ፣ አንድ ጊዜም ከምድር 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አንድን ጠፈርተኛ ከአንዲት ቪቴ ጋር ያፋጠጠ ችግር ነው። ማሽኑ ከጣት ይቀድማል። ታዲያ ማሽኑን ማን ያስቁመው?

ታሪኩ የጀመረው በደም ነው።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ፒተር ሊምበርነር ሮበርትሰን የሚባል ካናዳዊ ከከተማ ከተማ እየዞረ የእጅ መሣሪያ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን የቪቴ ራስ ላይ የነበረው አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሞንትሪያል ውስጥ በስፕሪንግ የሚሠራ ካቻቪቴ ለገዢዎች ሲያሳይ፣ ጫፉ ከስንጥቁ ሸርተት ብሎ ወጣና እጁን ቆረጠው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት መሣሪያውን ይረግምና ቁስሉን አስሮ ሥራውን ይቀጥላል። ሮበርትሰን ግን እጁ እየዳነ ሲሄድ ጥያቄው ባሰበት። ጫፉ ለምን ይሸራተታል? ስንጥቁ በሁለቱም ዳር ክፍት ስለሆነ፣ የሚይዘው ግድግዳ ስለሌለው። እ.ኤ.አ. በ1908 ግድግዳ ሠራለት፤ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ያለው ቪቴ። በተከታዩ ዓመት የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ኦንታሪዮ ውስጥ ሚልተን በምትባል ከተማም ፋብሪካ ከፈተ።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። እኛ ከጣሊያንኛ የወሰድነው «ቪቴ» በዚያው ቋንቋ የወይን ሐረግም ማለት ነው። እየተጠመዘዘ ዛፍ ላይ የሚወጣውን የሐረጉን ቀጭን ክር ያየ ሰው ለብረቱ ስሙን ሰጠው። አንዳንዶቻችን የምንለው «ቪስ»ም በፈረንሳይኛ በኩል ከዚያው ሥር የመጣ ነው። ካቻቪቴ ደግሞ ቪቴ የሚነዳ ማለት ነው። የአዲስ አበባ አናጢ በቀን መቶ ጊዜ ስለ ወይን ሐረግ ያወራል።)

ከሮበርትሰን ቪቴ ጫፉ አልሸራተት አለ። ለፎርድ የእንጨት አካል የሚሠሩ የካናዳ ሠራተኞች ወደዱት፤ አንድ መኪና ለመገጣጠም የሚፈጀው ጊዜ በሁለት ሰዓት ያህል እንደቀነሰ ይነገራል። ሄንሪ ፎርድም ቪቴው እንዴትና የት እንደሚመረት እሱ እንዲወስን ጠየቀ። ሮበርትሰን ቀደም ሲል ለእንግሊዝ ሰዎች መብቱን አከራይቶ ክፉኛ ተጎድቶ ስለነበር እምቢ አለ። ያ እምቢታ ብዙ ነገር ለወጠ፤ ፎርድ ፊቱን አዞረ፣ የአሜሪካ ገበያም ለሌላ ሰው ክፍት ሆኖ ቀረ።

ያ ሌላ ሰው ገና መንገድ ላይ ነበር።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ውስጥ ጆን ቶምፕሰን የሚባል የመኪና መካኒክ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ፈለሰፈ። የጉድጓዱ ግድግዳ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ በመሆኑ ጫፉ ራሱ መሐሉን ፈልጎ ይገባል፤ ሠራተኛው ዓይኑን ማጥበብ አያስፈልገውም። ቶምፕሰን አምራቾችን አንድ በአንድ ጠየቀ። ይህን ያህል ጥልቅ ጉድጓድ ሲመታበት የቪቴው ራስ ይሰነጠቃል እያሉ መለሱት። ተስፋ ቆርጦ ሐሳቡን ሄንሪ ፊሊፕስ ለሚባል የዚያው ከተማ ሰው አሳለፈ። ፊሊፕስ ቅርጹን አሻሻለና እሱም በር ማንኳኳት ጀመረ። መልሱ ያው ነበር፤ አይሆንም።

በመጨረሻ የአሜሪካን ስክሪው ኩባንያ ፕሬዚዳንት ዩጂን ክላርክ ሰማው። የክላርክ የገዛ መሐንዲሶች እንኳ አይቻልም አሉ። ክላርክም አይቻልም የሚል ሁሉ ጡረታ ይወጣል ብሎ አስጠነቀቀ። ተቻለ። በ1936 ጄኔራል ሞተርስ ካዲላክ መኪናው ላይ ተጠቀመበት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አብዛኞቹ የአሜሪካ ቪቴ አምራቾች በፊሊፕስ ፈቃድ ይሠሩ ጀመር። ጎሮ ላይ የተበላው ቪቴ የዚያ ቪቴ የልጅ ልጅ ነው።

ግን መስቀሉ አንድ ጠባይ ይዞ መጣ። ግድግዳው ተዳፋት ስለሆነ፣ ጉልበት ሲበዛበት የሚዞረው ጫፍ ዳገቱን ተንተርሶ ወደ ላይ ይወጣል። ልክ እግር ጭቃማ ዳገት ላይ እንደሚንሸራተት፣ ጫፉ ከጉድጓዱ ይዘላል። በዘለለ ቁጥርም ግድግዳውን ይልጣል። ብዙዎች ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው ይላሉ፤ ቪቴው ከመጠን በላይ እንዳይጠብቅ ጫፉ ራሱ ይውጣ ተብሎ። ሆኖም በ1930ዎቹ በተመዘገበው መብት ላይ እንዲህ የሚል ዓላማ አልሰፈረም፤ ነገሩ በግልጽ የተጠቀሰው በ1949 በተመዘገበ የተሻሻለ ንድፍ ላይ ነው። እኔ ሳስበው ጠባዩ መጀመሪያ መጣ፣ ምክንያቱ ኋላ ተፈለገለት። ያም ሆነ ይህ፣ ጫፉ «በቃ» የሚልበት ብቸኛ መንገድ የቪቴውን ራስ እየበላ መውጣት ሆነ።

ሳይበላ «በቃ» የሚል ነገር ያስፈልግ ነበር። የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ በውሃ ቧንቧ ዙሪያ ነበር።

ኮንራድ ባር የኒውዮርክ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። የትልልቅ ቧንቧዎች መጋጠሚያ በብዙ ብሎኖች ይታሰራል፤ ሠራተኛው አንዱን ከልክ በላይ አጥብቆ ሌላውን ካላላው መጋጠሚያው ያፈሳል። ባር በ1918 ገደማ አንድ ሰው ምን ያህል ጉልበት እንደተጠቀመ የሚናገር መፍቻ መሥራት ጀመረ። በ1935 እሱና ባልደረባው መጠኑ የሚስተካከል መፍቻ አስመዘገቡ። መፍቻው የተወሰነለት ጉልበት ላይ ሲደርስ ለእጅ ምልክት ይሰጣል።

የዚያ መፍቻ ዘመዶች ከጎሮ ብዙም ሳይርቁ ይገኛሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦይንግ 720 ጄቶች ሲያስገባ የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ስላልበቃው ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ የጥገና ሃንጋሮቹም እዚያው አደጉ። አውሮፕላን ላይ ብሎን «ደህና ጠብቋል» ተብሎ አይታለፍም። መመሪያው ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ መፍቻው በዚያ ቁጥር ይሞላል፣ ባለሙያው እየጎተተ «ቀጭ» እስኪል ይጠብቃል፣ እንዳለም እጁን ያቆማል። መፍቻው ራሱ በየጊዜው ይፈተሻል። ቦሌ ላይ እጅ ከብረት ጋር ተስማምቶ ነበር። ምክንያቱም የሰው እጅ ዝግተኛ ነው፤ ምልክት ሲሰማ ለመቆም ጊዜ አለው።

ሞተር ግን ጊዜ አይሰጥም።

በ1917 ብላክ ኤንድ ዴከር እንደ ሽጉጥ የሚያዝና ቃታ ያለው ትራፓኖ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1961 ያው ኩባንያ ገመድ አልባውን ለገበያ አቀረበ። ሰው ቪቴ በሞተር መንዳት ለመደ፤ የተበላ ቪቴም በዚያው ልክ በዛ። መሐንዲሶች መጀመሪያ የሞከሩት መካኒኮቻችን ፍሪሲዮን የሚሉትን ነገር ነበር። ከትራፓኖው አፍንጫ ጀርባ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ገባ። ቀለበቱ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ የተወሰነ ጉልበት ሲደርስበት ይለቃል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ጫፉ ይቆማል። «ከርርር» የሚለው ድምፅ ያ ነው።

ድንቅ ነበር። ግን አልበቃም። ስፕሪንጉ የሚያውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ለስላሳ ቺፑድ ላይ ያ ቁጥር ቪቴውን ያሰምጠዋል፤ ቀዳዳውም ተበልቶ ቪቴው ባዶውን ይዞራል። ጠንካራ ጣውላ ላይ ያው ቁጥር ቪቴውን በግማሽ ያስቀረዋል። ያኔ ሠራተኛው ተናዶ ቀለበቱን የመሰርሰሪያ ምልክት ያለበት ላይ ያዞረዋል፤ ፍሪሲዮኑም ከሥራ ውጭ ይሆናል። ጎሮም የሆነው ይኸው ነበር።

ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ለማየት እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 2009 ወደ ነበረው እሑድ መሄድ ያስፈልጋል።

በዚያ ቀን ጠፈርተኛው ማይክ ማሲሚኖ ሃብል ቴሌስኮፕ ሆድ ውስጥ እጁን አስገብቶ ነበር። ከ2004 ጀምሮ የተበላሸ አንድ መሣሪያ ሊጠግን ነው። መሣሪያው ጠፈር ላይ ይከፈታል ተብሎ አልተሠራም፤ ክዳኑን የያዙት ከመቶ የሚበልጡ ጥቃቅን ቪቴዎች ናቸው። አንዷ እንኳ ተንሳፋ ብትሄድ ቴሌስኮፑ ውስጥ ገብታ ልታበላሽ ትችላለች። ስለዚህ ናሳ ቪቴዎቹን አንድ በአንድ የሚይዝ ግልጽ ሽፋንና ለጥቃቅኖቹ የሚሆን ልዩ ትንሽ መሣሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ለትልልቆቹ ደግሞ ከ1997 ጀምሮ ሃብል ላይ የሠራ፣ ጉልበቱን፣ ፍጥነቱንና የዙሩን ብዛት ኮምፒውተር የሚቆጣጠርለት ሽጉጥ መሰል ትራፓኖ ነበረው። በዘመኑ ከነበሩት የእጅ መሣሪያዎች ብልሁ እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ማሲሚኖ ወደ መቶዎቹ ቪቴዎች ከመድረሱ በፊት አንድ የእጅ መደገፊያ መንቀል ነበረበት። የያዙት አራት ቪቴዎች ነበሩ። ሦስቱ ወጡ። ወደ አራተኛው ሄደ፣ ጫፉን አስገባ፣ ቁልፉን ተጫነ። ጫፉ ዞረ፤ ቪቴው አልዞረም።

ተበልቷል።

ያን ሁሉ ዓመት የተለማመደው፣ ያ ሁሉ መሣሪያ የተሠራለት ጥገና በአንድ ራሱ የተበላ ቪቴ ቆመ። ከመንኮራኩሩ ሌላ ጫፍ አምጥቶ ሞከረ። እምቢ አለ። ፒንሳና ፕላስተር ፍለጋ ተመላለሰ። ፀሐይ ወጣች፣ ፀሐይ ገባች፤ እዚያ ላይ ቀን የሚቆየው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ምድር ላይ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለው የናሳ ጎዳርድ ማዕከል፣ መሐንዲሶች እሑድን ጥለው ወደ ሥራ ሮጡ። ተመሳሳይ መደገፊያ አስረው በአንድ ቪቴ ብቻ ሲቀር ለመስበር ስንት ጉልበት እንደሚጠይቅ ለኩ። ወደ 27 ኪሎ ገደማ ሆነ። መልእክቱ ወደ ላይ ደረሰ፤ ስበረው።

ማሲሚኖ ስብርባሪው እንዳይበተን በፕላስተር ጠቀለለው። መደገፊያውን በሁለት እጁ ያዘ። ጎተተ። ጓንቱ ወፍራም፣ ልብሱ በአየር የተነፋ ነው። እንደገና ጎተተ። ብረቱ ተሰበረ፤ ለስምንት ሰዓት ያህል በቆየው በዚያ ቀን ሥራ ውስጥ መቶዎቹን ጥቃቅን ቪቴዎችም ፈታ። መሣሪያው በተበላሸ በአምስት ዓመቱ እንደገና ሠራ።

ግን ብልሁን መሣሪያ ይዞ ቪቴ የሚበላው ለምንድን ነው? ቁጥር ጠባቂ የሆነ መሣሪያ ስንት ጉልበት እንደሰጠ ያውቃል። ከጫፉ ሥር ያለው ብረት ምን እያለ እንደሆነ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። የጎሮው ባለሙያ «ድምፁ ሲለወጥ አልሰማህም?» ያሉት ያንን ነበር። እሳቸው የሚሰሙት መጠኑን ሳይሆን ለውጡን ነው።

ያን ለውጥ መስማት የሚችል ማሽን ደግሞ ከዚያ እሑድ ከሠላሳ ዓመት በፊት ተሠርቶ ነበር። ችግሩ ሰው እጅ ላይ የሚያርፍ አለመሆኑ ነው።

በ1970ዎቹ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ኤስፒኤስ የሚባል የብሎን አምራች ኩባንያ መሐንዲሶች ብሎን እየጠበቀ ሲሄድ ጉልበቱን ከዙሩ ጋር በመስመር ይስሉ ነበር። መስመሩ መጀመሪያ ሜዳ ነው፤ ብሎኑ ሲይዝ እንደ እንጦጦ መንገድ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከመበጠሱ በፊት ግን ዳገቱ ለዘብ ይላል። ብረቱ መሸነፍ መጀመሩን የሚናገርበት ቅጽበት ያ ነው። መሐንዲሶቹ ማሽኑን የጉልበቱን ቁጥር እንዲጠብቅ ማድረጉን ትተው፣ ዳገቱ ለዘብ ሲል እንዲቆም አደረጉት። ብሎኑ ቢለያይ፣ ቅባት ቢኖረው ባይኖረው፣ ዳገቱ ራሱ ይናገራል። ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮ አወጣ።

ጆሮውን መዳፍ ውስጥ ለማስገባት ግን የተለየ መለኪያ ያስፈልግ ነበር፤ ጉልበት ለኪው ትልቅና ውድ ነው። መልሱ ግን መጀመሪያውኑ ሽቦው ውስጥ ሲፈስ የኖረ ነገር ሆነ። የዲሲ ሞተር ሸክም ሲበዛበት ከባትሪው የሚስበው ኤሌክትሪክ በዚያው ልክ ይጨምራል። ይህን የኤሌክትሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ባትሪው የሚሰጠውን የለካ ጫፉ የሚያገኘውን ለካ። ቺፕ ሲረክስና ሲያንስ፣ ትራፓኖው እጀታ ውስጥ ተቀምጦ ያንን ኤሌክትሪክ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ማንበብ ቻለ። ቪቴው ሲገባ ቀስ ብሎ ይጨምራል፤ ራሱ ከጣውላው ጋር ሲገናኝ ድንገት ይዘላል፤ ያኔ ማቆም። ኤሌክትሪኩ በድንገት ወርዶ ፍጥነቱ ካሻቀበ ደግሞ ጫፉ ዘሏል ወይም ቀዳዳው ተበልቷል፤ ያኔም ማቆም።

አሁንም ግን ቪቴ ተበላ።

ይህ የመጨረሻው እንቅፋት ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ነው። ቺፑ በጊዜው ያውቃል፣ ኤሌክትሪኩንም ይቆርጣል። ሞተሩ ግን በፍጥነት ሲሽከረከር የነበረ ብረት ስለሆነ፣ እንደሚንደረደር ሚኒባስ፣ ቁልቁለቱን ይጨርሳል። በዚያች የዓይን ጥቅሻ ጊዜ መስቀሉ ይላጣል። ልጁ «ጣቴ እስኪነሳ ቀደመኝ» ያለው እዚህም ደረሰ፤ አሁን የተቀደመው ቺፑ ነው። ስለዚህ ፍሬን ተሠራለት፤ ሞተሩ የሚዞርበትን ኃይል ራሱን መልሶ ሞተሩ ላይ እንዲሠራ ማድረግ። አጀማመሩም ተቀየረ። ጫፉ ጉድጓዱን እስኪይዝ በዝግታ፣ ከያዘ በኋላ በፍጥነት፣ ጣውላው ሲቀርብ እንደገና በዝግታ። ልምድ ያለው አናጢ ቃታውን በጣቱ የሚያጫውትበት ሥርዓት ይኸው ነው።

ጎሮ ያለው ትራፓኖ እንዲህ ያለ ቺፕ አልነበረውም። ቀለበት ብቻ ነበረው።

ባለሙያው ከጣውላቸው ተነሡና ከብስክሌት ጎማ የተቆረጠች ቁራጭ ላስቲክ ከኪሳቸው አወጡ። የተበላው ራስ ላይ አስቀመጧት፣ ካቻቪቴውን ደገፍ አድርገው ጫኑ፣ ቀስ ብለውም አዞሩ። ላስቲኳ ጉድጓዱን ሞላችው። ቪቴው ተነቃነቀ፣ ከዚያም ወጣ።

«ቀለበቱን አምስት ላይ አድርገው» አሉ።

ልጁ አደረገ። አዲስ ቪቴ አስቀምጦ ቃታውን በጣቱ ጫፍ ብቻ ነካው። ቪቴው ገባ፤ ቀለበቱ «ከርር» ብሎ ለቀቀ። የቪቴው ራስ ከማጠፊያው ላይ የወረቀት ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን ከቆርቆሮው በላይ አለፈ፤ ሁለቱም ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቁ።

ባለሙያው ካቻቪቴውን አቀበሉት። ልጁ የቀረውን ሩብ ዙር በእጁ አጠበቀ።